ተዳፋቱን ስለ መከለልና የሚከፈትበትን ቀን ስለ መወሰን

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሾ የሚዘራም ሆነ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ውሃው የሚወርድለት ከራስጌው ካለው ደጋና ተዳፋት መሆኑን ያውቃል። ተዳፋቱ ግራሩና ቁጥቋጦው ሲመነጠርበት ዝናቡ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ይንደረደራል፤ በክረምት ጎርፍ ሆኖ አሸዋና ድንጋይ በማሳው ላይ ይከምራል፤ በበጋ ደግሞ ቦዩ ይደርቃል። ሁለቱም ጉዳቶች ከአንድ ምክንያት የሚመጡ ናቸው።

ዛፍ አትቁረጡ ብሎ መምከር ቀላል ነው። ነገር ግን ማገዶው፣ መኖውና የከሰሉ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ለዚህ መልስ የሌለው ክልከላ ሌሊት ይጣሳል።

ከይፋት በላይ ባለው ደጋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። ይኸውም አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጦ ጓሳውን እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋዋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ይታጨዳል፣ ከብቱም ይገባል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ፈረሰ። ኋላ ግን ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። በእኔ አስተያየት ቁም ነገሩ መዝጋቱ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚከፈትበትን ቀን ያወቀውን ክልል ራሱ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከሽማግሌዎች ጋራ ተማክሮ ከተዳፋቱ አንዱን ክፍል ብቻ ያስከልል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከተዘጋ ከፍየል በቀር ሀብት የሌለው ቤተ ሰብ ይጎዳል። በተከለለው ቦታ ከብት አይሰማራ፤ ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ በማጭድ ታጭዶ ይወሰድ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጭድ፣ የጥበቃው ተራ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ አቅመ ደካሞችና ባል የሞተባቸው ሴቶችም ድርሻቸው ይታወቅ።

ግራር ለመኖ ወይም ለአጥር ሲፈለግ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ይመልመሉ እንጂ ግንዱ አይገንደስ። ፍሬው በበጋ ለፍየል መልካም መኖ ነው፤ በበጠጧ ውስጥ የሚወጣውም ዘር ሜዳ ላይ ሲወድቅ ይበቅላል። (ፍየል ግራር ታጠፋለች እየተባለ ብቻ ስለሚነገር ይህን ማንሳት ተገቢ ነው።)

ከሰልን በሚመለከት፣ 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት በአፈር ተሸፍኖ ቢከሰል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው፤ የቀረው በጢስና በእሳት ይጠፋል። የቆመ ግራር ለዚህ መጣል ኪሳራ ነው።

የሚከለለው ቦታ በግንቦት ይለይ። ዝናቡ ሳይጀምር ከብት ከወጣለት ሣሩ በዚያው ክረምት ያቆጠቁጣል።