ከቁጥር ወደ ስም፦ የጉዞ ማዕረግ ቃላት በእንግሊዝኛ

በእንግሊዝኛ የተሳፋሪን ማዕረግ የሚገልጹ ቃላት መነሻቸው ተራ ቁጥር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብሪታንያ ባቡሮች ተሳፋሪዎችን «ፈርስት»፣ «ሰከንድ» እና «ሰርድ ክላስ» በማለት ይለዩ ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ቁጥሮቹ ቀስ በቀስ በስም መተካታቸውንና ይህም ለተርጓሚ የሚፈጥረውን ችግር ማመልከት ነው።

በ1844 እ.ኤ.አ. የወጣው የባቡር ሕግ ለሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ጣሪያና መቀመጫ ያለው ፉርጎ በማይል አንድ ፔኒ እንዲቀርብ አስገደደ። በ1875 ሚድላንድ የተባለው የባቡር ኩባንያ ሁለተኛ ማዕረግን ሲሰርዝ «አንደኛ» እና «ሦስተኛ» ብቻ ቀሩ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉት። ከዚህ በኋላ «ሦስተኛ» የሚለው ቃል መቁጠሩን ትቶ መጠሪያ ብቻ ሆነ። በ1956 ይኸው ማዕረግ «ሰከንድ»፣ በ1987 ደግሞ «ስታንዳርድ» ተባለ። «ፈርስት» ግን ስሙን አልለወጠም። ስያሜው የሚታደሰው ዝቅ ባለው ማዕረግ ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አየር መንገዶችም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። በአትላንቲክ በረራ በ1952 «ቱሪስት»፣ በ1958 «ኢኮኖሚ» የተሰኙ ማዕረጎች ተጀመሩ፤ «ቢዝነስ» በ1970ዎቹ መጨረሻ ታከለ። ስሞቹ ደረጃን ሳይሆን የተጓዡን ዓላማ ወይም ቁጠባውን ይጠቅሳሉ። የቦታቸው ከፍታም እንደ ድርጅቱ ይለያያል፦ «ፈርስት» ባለበት አውሮፕላን «ቢዝነስ» ሁለተኛ ሲሆን፣ «ፈርስት» በሌለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ከፍተኛው ነው።

አማርኛ በአንጻሩ «አንደኛ ማዕረግ»፣ «ሁለተኛ ማዕረግ» እያለ ቁጥሩን ይዞ ቆይቷል። በመሆኑም የባቡሩን «ስታንዳርድ» «ደረጃውን የጠበቀ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ዝቅተኛውን ማዕረግ የጥራት ማረጋገጫ ያደርገዋል፤ ቲኬት የሚገዛው አንባቢም ላልተገባ ተስፋ ይዳረጋል። «ኢኮኖሚ»ም እዚህ ላይ ቁጠባን እንጂ የአገርን ምጣኔ ሀብት አያመለክትም።

ቁጥሩ ከቲኬት ላይ ቢጠፋም ከቋንቋው አልጠፋም። እንግሊዝኛ «ሰከንድ ክላስ»ን፣ አማርኛም «ሁለተኛ ዜጋ»ን ለተናቀ ሰው ይጠቀሙበታል። የስያሜው ለውጥ አንዱ ፋይዳ ይህን ንቀት ከተሳፋሪው ማራቅ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ቃላት በነጠላ ፍቺ ማስተማር አይበቃም። ተማሪው በቅድሚያ ድርጅቱ ስንት ማዕረግ እንዳለው፣ ቀጥሎም ቃሉ በስንተኛው እርከን ላይ እንደሚገኝ መጠየቅን ሊለምድ ይገባል።