የማይታየውን ግጭት አስቀድሞ ማስላት

ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሳድበሪ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የኒኬል ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ ስኖላብ የተሰኘ ቤተ ሙከራ አለ። ጥልቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ በላዩ የተከመረው ዓለት ኮስሚክ ጨረርን ያጣራል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚሳተፉበት ሱፐር ሲዲኤምኤስ የተባለው ሙከራ በዚያ ሥፍራ እጅግ የቀዘቀዙ የጀርማኒየምና የሲሊከን ክሪስታሎችን ይጠቀማል። ዓላማው ዳርክ ማተር፣ ማለትም ጽልመታዊ ቁስ፣ ከአቶም ኒውክለስ ጋር ሲጋጭ የሚተወውን ኢምንት ንዝረት መያዝ ነው።

ታዲያ ታይቶ የማያውቅ ነገር የሚተወው ምልክት በምን ይታወቃል? ዲዲካልክ፣ ዊምፓይዲዲና ዳርክሱዚን የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለዚህ ነው።

ስሌቱን በወረቀት እንጀምረው። በአካባቢያችን ያለው የጽልመታዊ ቁስ እፍግታ በአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ የፕሮቶንን ሲሶ ያህል እንደሆነ ይገመታል። ቅንጣቱ ፕሮቶንን 100 ጊዜ የሚከብድ ቢሆን፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 3 ያህል ይገኛሉ ማለት ነው። ፀሐይ ጋላክሲያችንን በሰከንድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለችና፣ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ በየሰከንዱ ወደ 70,000 ቅንጣቶች ያልፋሉ። ይህ ሁሉ እያለፈ ክሪስታሉ ዝም ማለቱ፣ ግጭቱ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያሳያል።

ቅንጣቱ ቀላል ሲሆን ግን ችግሩ ይለወጣል። ክብደቱ የአንድ ፕሮቶን ያህል ከሆነ፣ ለጀርማኒየም ኒውክለስ የሚያስተላልፈው ጉልበት ቢበዛ ከ200 ኤሌክትሮን ቮልት ያነሰ ነው፤ ለሲሊከን ከዚያ እጥፍ በላይ ይደርሳል። የፒንግ ፖንግ ኳስ ድንጋይን አይገፋም፤ ቀለል ያለ ኳስን ግን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሁለት ዓይነት ክሪስታል መጠቀም የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

በእኔ እይታ የእነዚህ ሶፍትዌሮች ትልቁ ጥቅም መልስ መስጠታቸው ሳይሆን ግምቶቻችንን እየቀያየርን እንድንፈትን ማስቻላቸው ነው። የቅንጣቶቹ የፍጥነት ስርጭት ከታሰበው ቢለይ፣ «ይህ ዓይነቱ ቅንጣት የለም» ብለን የዘጋነው በር ዳግም ሊከፈት ይችላል። በኢጣልያ የዳማ ሙከራ ከዓመቱ ወቅት ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ምልክት አየሁ ካለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌሎች ሙከራዎች ቢቃወሙትም ክሪስታላቸው የተለየ ስለነበር ንጽጽሩ በስሌትና በግምት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የስፔኑ አናይስና የኮሪያው ኮሳይን እንደ ዳማ ሶዲየም አዮዳይድን መርጠው ሙከራውን የደገሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምልክቱን ግን አላገኙትም።