ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ለቆመ ጸሐፊ

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ ጀምሬ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሜያለሁ። የሚያበረታታኝ ሰው የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የጎደለዎት ተሰጥኦ ሳይሆን አድማጭ ይመስለኛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ጆሮ ይወዳል። ማንበብ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ይፈልጉና በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ አምስት ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። አንደበትዎ የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር መታረም አለበት። ቀጠሮው ሲቃረብ ደግሞ ስሜቱ ባይመጣም ይጽፋሉ። «ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?» ይሉ ይሆናል፤ አንድ ታሪክ ለሁለት ሰው ቢሰጥ የሚወጣው ሁለት የማይመሳሰል መጽሐፍ ነው። አስተያየት የራስን ድምፅ ያጠፋል የሚለው ስጋት ግን እውነትነት አለው። ስለዚህ «የቱ ጋ ሰለቻችሁ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ፤ መፍትሔውን ለራስዎ ያስቀሩ። ለመጪው ቅዳሜ ከአራተኛው ምዕራፍ አምስት ገጽ ያድርሱ።