ከቆዳ ወደ ነርቭ፦ አቋራጩ ለምን አስፈለገ?

የአንጎል በሽታን ማጥናት ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ ግልጽ ነው፤ ከታማሚ አንጎል እንደ ደም በቀላሉ ናሙና አይወሰድም። ከቆዳው ግን ይወሰዳል።

የቆዳና የነርቭ ሴሎቻችን የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው፤ የሚለያቸው በሥራ ላይ ያሉት ጂኖች ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ካዙቶሺ ታካሃሺና ሺንያ ያማናካ አራት ጂኖች በማስገባት የአይጥ የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት እንደሚመለስ አሳዩ። በ2010 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማሪየስ ቬርኒግ ቡድን ይህን ደረጃ ዘለለው፤ በሦስት ጂኖች የአይጥ ሴልን በቀጥታ ወደ ነርቭ ሴል ለወጠ።

አቋራጩ ጊዜ ከመቆጠብ ያለፈ ጥቅም አለው። ሴሉ ስቴም ሴል ሲሆን የዕድሜው ምልክት ይሰረዛል፤ በቀጥታ ሲለወጥ ግን ይቆያል። የሐንቲንግተንን በሽታ እንውሰድ። በዘር የሚተላለፍ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው በጎልማሳነት ነው። በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአንድሩ ዩ ቡድን ከታማሚዎች ቆዳ፣ በሽታው በብርቱ የሚያጠቃውን ዓይነት የነርቭ ሴል ሠራ። በ2018 ባወጣው ጥናት በሴሎቹ ውስጥ የበሽታው መለያ የሆነው የፕሮቲን ክምችት ታይቷል።

ገደብም አለው። የነርቭ ሴል ስለማይባዛ በየጊዜው ሌላ የቆዳ ሴል መለወጥ ያስፈልጋል። ደግሞም እስካሁን ያየነው በሽታን የማጥኛ መንገድ እንጂ ለታማሚ የሚሰጥ ሕክምና አይደለም። ተስፋ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሲጠይቀን ይህን ልዩነት በግልጽ ማስረዳት በእኛ በተማሪዎች ላይ ያለ አማና ነው።