ከአንድ የእንሰት አሚቾ ብዙ ችግኝ ስለ ማግኘት

በድርቅ ለተጎዳ ቤተሰብ ዘር ማደል ሲባል በአመዛኙ የሚታሰበው እህል ነው። ሆኖም በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የሚመገበው እንሰት እንደ እህል ተዘርቶ አይባዛም። ተክሉ ብዙ ችግኝ እንዲያወጣ አስቀድሞ እምብርቱ መውጣት አለበት። ይህ ጽሑፍ ዘዴውን ካስረዳ በኋላ፣ በመልሶ ማቋቋም ሥራ የተሰማራ ሠራተኛ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይኸውም ለዘር የሚሆነው አሚቾ በረሃብ ጊዜ ከድስት እንዴት ይተርፋል የሚለው ነው።

፩. የተክሉ ጠባይ

እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ሲያዩትም ሙዝ ይመስላል። ነገር ግን ምግብ የሚሆነው ፍሬው ሳይሆን ግንድ መስሎ የሚታየው ክፍልና ከመሬት ውስጥ ያለው አሚቾ ነው። ግንዱና አሚቾው ተፍቀው ቆጮና ቡላ ይወጣቸዋል። ሙዝ ከሥሩ በራሱ ችግኝ ሲያወጣ፣ በጓሮ የሚለማው እንሰት ግን ካልተነካ በስተቀር እንደዚያ አያደርግም፤ አንድ ጊዜ አብቦና አፍርቶ ይሞታል። በዱር ያለው በዘሩ ይራባል። ገበሬው ግን የመረጠው ዝርያ ጠባዩ እንዳይለወጥበት ከአሚቾው ያባዛዋል።

የሰሜኑ ሕዝብ ተክሉን የሚያውቀው ኮባ በሚለው ስሙ፣ በቅጠሉም ድፎ ዳቦ በመጋገር ነው። ሆኖም በ18ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀምስ ብሩስ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ባለው አገር እንሰት ተቀቅሎ እንደሚበላ ጽፏል። ስለዚህ ከሰሜን ለመጣ ሰፋሪ እንግዳ የሚሆነው ተክሉ ሳይሆን አመራረቱና አበላሉ ነው።

፪. አባዛዙ

የሚመረጠው ጤናማና ገና ያልጎመራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆነው ተክል ነው። ሥራው የሚሠራው ከበልግ ዝናብ በፊት ባለው የበጋ ወቅት ነው።

ሀ/ ግንዱ ከአሚቾው በላይ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቆረጣል።

ለ/ በመካከል ያለው የእድገት እምብርት በቢላዋ ተፈልፍሎ ይወጣል። የሥራው ቁልፍ ይህ ነው፤ እምብርቱ እስካለ ድረስ በዙሪያው ያሉት ቡቃያዎች ታፍነው ይቆያሉ፤ ሲወጣ ግን ሁሉም ባንድነት ይነቃሉ።

ሐ/ አሚቾው እንዳለ፣ ወይም ለሁለት ወይም ለአራት ተከፍሎ፣ ቁስሉ እንዲደርቅና እንዳይበሰብስ ጥቂት ቀን ይቆያል።

መ/ ፍግ በተጨመረበት ጉድጓድ ተቀብሮ በአፈር ይሸፈናል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቡቃያው መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ከአንድ አሚቾ ከ40 እስከ 100፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ችግኝ ይገኛል። ችግኞቹ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ተለያይተው ይተከላሉ። በጉራጌ ቋሚ ቦታቸውን ከመያዛቸው በፊት ደጋግሞ ማዛወር የተለመደ ነው። ለምግብ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በብርዳማ ደጋ ከዚህም ይዘገያሉ።

፫. በድስትና በጉድጓድ መካከል

እንሰት ደርሶ ሲገኝ ታላቅ መጠባበቂያ ነው። በተፈለገ ጊዜ ይቆረጣል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ነገር ግን ለማባዛት የሚያስፈልገው ያልጎመራ አሚቾ፣ ቢቀቀል የዕለት ምግብ ነው። የተራበ ቤተሰብ ይህንኑ ሲቆርጥ የዛሬውን ረሃብ ያስታግሳል፤ የሚመጡትን ዓመታት ግን ያራቁታል። በወላይታና በአካባቢው አገሩ ለምልሞ ሳለ የሚደርሰው፣ አረንጓዴ ረሃብ የተባለው ችግር፣ እንሰት ያለበት አገር አይራብም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን አሳይቷል።

በመሆኑም ችግኝ ብቻ ማደል በቂ አይደለም። ችግኙ እስኪደርስ ቤተሰቡ የሚበላው እህል፣ ድንችና ጎመን አብሮ ሊታቀድ ይገባል። አለበለዚያ የታደለው ችግኝ ሳይጎመራ ይቆረጣል።

፬. ስለ አጠውልግ በሽታ

አንድ አሚቾ መቶ ችግኝ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የታመመ አሚቾም በሽታውን ወደ ብዙ ጓሮ ያደርሳል። በባክቴሪያ የሚመጣው የእንሰት አጠውልግ በሽታ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1968 በጥናት ተገልጿል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ይወጣል። በሽታው በተበከለ ቢላዋና በችግኝ ስለሚተላለፍ፣ መቁረጫውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱ በእሳት መለብለብ፣ የታመመውንም ነቅሎ መቅበር ያስፈልጋል።

፭. ለሠራተኞች ማሳሰቢያ

እንሰት ይበልጥ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,750 ሜትር ከፍታ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚገመት ሕዝብ ሲሰፍር ከተመረጡት ቦታዎች መካከል እንደ ጋምቤላና ፓዌ ያሉት ሞቃት ቆላዎች ለዚህ ተክል አይመቹም። ስለዚህ ከማደል በፊት ከፍታን ማጣራት ይቀድማል።

ለእናት ተክል ማቆያ ሰፊ እርሻ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ ከፍታ፣ የጓሮ መሬት ያለው የትምህርት ቤት ወይም የማረሚያ ቤት ግቢ ጤናማ አሚቾዎችን ጠብቆ ሊያባዛ ይችላል። ዋናው ነገር እነዚህ ተክሎች ለድስት እንዳይውሉ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ቆጮ ብርታት ሰጪ ቢሆንም ገንቢ ንጥረ ነገሩ ዝቅተኛ ነው፤ ስለሆነም ባቄላን የመሰለ ጥራጥሬ ከእርዳታው ሊጎድል አይገባም። በመጨረሻም፣ ቆጮ የመፋቁንና የማብላላቱን ሙያ የያዙት ሴቶች ናቸው። ለአዲስ ሰፋሪዎች ችግኝ ሲታደል ከነባሮቹ እናቶች የሚማሩበት መንገድ ካልተዘጋጀ፣ ተክሉ በጓሮ ቆሞ ቤተሰቡ ሊራብ ይችላል።