መኪናው ቆሞ ባትሪ የሚጨርሰው ማነው?

ባትሪ ሞተ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይ ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም። ሦስተኛም ምክንያት አለ። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ የሆነ ዕቃ ግን ከባትሪው መሳቡን አላቆመም ይሆናል። ክፍል ውስጥ ይህችን ርዕስ በግማሽ ሰዓት ነው ያለፍናት። እኔም በደንብ የገባችኝ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለተግባር ልምምድ አንድ ጋራዥ ተመድቤ ሳለሁ ነው።

የመጣው መኪና ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመላልስ ኤንፒአር አይሱዙ ነበር። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ይቆማል፤ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊነሳ ሲባል ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም። ባለቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ባትሪዎች ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። አሁን ግን ጥፋተኛውን አግኝቻለሁ ብለዋል፤ ረዳቱ ነው። «ጋቢና ውስጥ እያደረ መብራት ያበራል» ብለው ሊያሰናብቱት ነው። ልጁ በበኩሉ እየማለ «ጋሼ፣ አንድም ቀን አብርቼ አላደርኩም» ይላል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዲናሞውን ነው። ሞተሩ ሲሠራ 28.2 ቮልት ይሰጣል፤ ደህና ነው። ቀጥዬ መኪናውን አጥፍቼ፣ በሮቹን ዘግቼ፣ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን ወፍራም የፖዘቲቭ ኬብል ፈታሁና መልቲሜትሩን በአምፔር አድርጌ በመሃል አስገባሁት። (በዚህ ሰዓት ቁልፍ ማዞር የለም! የመልቲሜትሩ የ10 አምፔር ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። እኔ አንድ አቃጥያለሁ።) ንባቡ 20 ሚሊአምፔር ሆነ። በተለምዶ እስከ 50 ሚሊአምፔር ድረስ ችግር የለውም ይባላል፤ 50 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት የሚወስደው 1.2 አምፔር ሰዓት ብቻ ነውና። ስለዚህ «መኪናው ንጹሕ ነው» አልኩ። ይህ ማለት ደግሞ በልጁ ላይ መፍረድ ነው፤ ሌላ የቀረ ተጠርጣሪ የለማ።

የጋራዡ ኤሌትሪሽያን ግን አልተቀበሉኝም። መኪናው እዚያው ይደር አሉ። ጠዋት መጥተው «ባትሪውን ለካህ ወይ?» ሲሉኝ በሁለቱ ጫፍ ለክቼ «24.5 ነው ጋሼ» አልኳቸው። ትንሽ ዝቅ ብሏል እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። «እሱ ድምሩ ነው፤ እያንዳንዱን ለካ» አሉኝ። አንዱ 12.8፣ ሌላው 11.7!

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሠራሩን እንመልከት። ኤንፒአሩ 24 ቮልት የሚያገኘው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ በማያያዝ ነው። የአንደኛው ባትሪ ኔጌቲቭ ሻንሲው ላይ ይታሰራል፤ ፖዘቲቩ በአጭር ኬብል ከሁለተኛው ኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል፤ የሁለተኛው ፖዘቲቭ ወደ መኪናው ይሄዳል። በዚህ መስመር ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ከሁለቱም እኩል ነው የሚስበው፤ ስለዚህ እኩል መድከም አለባቸው። አንዱ ብቻ ከደከመ ወይ ባትሪው ራሱ ውስጡ ተበላሽቷል፣ ወይ ከአንዱ ብቻ የሚስብ ዕቃ አለ።

ኤሌትሪሽያኑ መልቲሜትሩን ከፖዘቲቩ አንስተው ሻንሲ ላይ በሚታሰረው ኔጌቲቭ ኬብል በኩል አስገቡት። 0.62 አምፔር! ያው መኪና፣ ያው መልቲሜትር፣ ከ30 እጥፍ በላይ ልዩነት። እኔ የለካሁበት ቦታ የሁለተኛው ባትሪ መውጫ ስለሆነ፣ ከመሃል ወጥቶ በአንደኛው ባትሪ ብቻ የሚዞረው ኤሌክትሪክ በእኔ መልቲሜትር አያልፍም ነበር። (ሌባው ዕቃ ኔጌቲቩን ከሻንሲ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ተርሚናል ወስዶ ቢሆን ኖሮ እዚህም አይታይም ነበር።)

በመሃለኛው ኬብል ማሰሪያ ላይ፣ ከቆሻሻው ሥር፣ አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ ተገኘች። ስትፈታ ንባቡ ወደ 0.02 ወረደ። ሽቦዋን ተከትለን ስንሄድ ጋቢና ውስጥ ባለ 12 ቮልት ቴፕ ላይ ደረስን፤ ከወንበሩ ኋላ ደግሞ አምፕሊፋየር አለ። አምፕሊፋየሩ በቴፑ ትእዛዝ እንዲነሳና እንዲጠፋ የምታደርገው ሽቦ ከቋሚው 12 ቮልት ጋር ተቋጥራለች። ስለዚህ ቴፑ ቢጠፋም አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ ያድራል።

ሒሳቡ ይኸው። 0.6 አምፔር በ36 ሰዓት ወደ 22 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው 70 አምፔር ሰዓት ስለሆነ ሲሶውን ሊያክል ምንም አልቀረውም። የባሰው ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ዲናሞው የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው። 28.2 ቮልት ሲሰጥ ለሁለቱ እኩል 14.1 እንደሚደርስ እናስባለን፤ ስንለካ ግን የደከመው 13.1፣ የሞላው 15.1 ሆኖ አገኘነው። አንደኛው መቼም አይሞላም፤ ሁለተኛው ከመጠን በላይ ቻርጅ እየሆነ ይፈላል። ክዳኑን ስንከፍት ውኃው ከፕሌቶቹ በታች ወርዷል። ባለቤቱ ሁለቱንም ባትሪ የሚያጡት ለዚህ ነበር፤ አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በጥጋብ።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር ኮንቨርተር መግጠም ነበር። እሱም ቢሆን ከቋሚ መስመር ከታሰረ ራሱ ጥቂት ይስባል፤ ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር አሰርነው። የአምፕሊፋየሩንም ሽቦ ወደ ቦታዋ መለስናት። ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ቻርጅ አድርገን፣ ለጎደለው የተጣራ ውኃ ጨምረን አሳደርናቸው፤ ጠዋት 12.6 እና 12.5 ተነበቡ።

ለአዳዲስ ከባድ መኪናዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተር ያላቸው ሲጠፉ ወዲያው አይተኙም፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ አለ። ኬብል ሲፈታ ደግሞ ተጣብቆ የቀረ ሬሌ ሊለቅና ጥፋቱ ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳይፈቱ በየፊውዙ ጀርባ ሚሊቮልት መለካት ይሻላል፤ ንባብ የሚያሳየው ፊውዝ ኤሌክትሪክ እያለፈበት ነው።

ባለቤቱ ሲመጡ ኤሌትሪሽያኑ ቀይዋን ሽቦ አሳይተው «ይህን ማን ገጠመው?» አሏቸው። ቴፑን ከዓመት በፊት ያስገጠሙት ራሳቸው ነበሩ። ለጊዜው ምንም አላሉም። ሒሳብ ከፍለው ሲያበቁ ወደ ልጁ ዞረው «ግባ እንሂድ» አሉት።