ቴሌግራምዎን ከጠላፊ እንዴት ይጠብቃሉ?

ከሚያውቁት ሰው መልእክት ይደርስዎታል፦ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ።» ከሥሩ ሊንክ አለ። ሲነኩት ቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ይከፈትና በመጀመሪያ ስልክ ቁጥርዎን፣ ቀጥሎ የደረሰዎትን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ሲያስገቡ ሌላ ሰው አካውንትዎን በራሱ ስልክ ይከፍታል። የወዳጅዎም አካውንት የተወሰደው ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው።

ዛሬውኑ ሁለተኛ መቆለፊያ ያብጁ። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ይንኩና የይለፍ ቃል ያስገቡ። የልደት ዓመት ወይም ስልክ ቁጥር አይሁን። ኢሜይል ሲጠይቅዎ አይለፉት፤ የይለፍ ቃሉን ቢረሱ መመለሻዎ እሱ ነው። ኢሜይሉን የከፈተልዎት ስልኩን የሸጠልዎት ባለሱቅ ከሆነ ግን አስቀድመው የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። አስመሳዩ ገጽ የቴሌግራሙን የይለፍ ቃልም ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በሊንክ በተከፈተ ገጽ ላይ ኮድም የይለፍ ቃልም አያስገቡ። ደውሎ ኮድ ወይም የቴሌብር ፒን የሚጠይቅ ሰው፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ ስልኩን ይዝጉበት።

ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ያስቀመጡትን የፓስፖርት፣ የመታወቂያና የባንክ ደብተር ፎቶ ያጥፉ። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህን ነው፤ አካውንቱን የያዘ ሌባ እነዚህንም አብሮ ያገኛል።

ከተጠለፉ ደግሞ ፍጥነት ወሳኝ ነው። ደንግጠው አፑን አያጥፉ፣ ሎግ አውትም አያድርጉ። አዲስ የገባ ስልክ ነባሮቹን ስልኮች ለማስወጣት 24 ሰዓት መቆየት አለበት፤ እርስዎ ግን አሁኑኑ ሊያስወጡት ይችላሉ። ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍተው ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ የሚለውን ይንኩ። ወዲያው የይለፍ ቃሉን ያብጁ፤ ካለም ይቀይሩት።

ቀጥሎ ለቤተሰብ በስልክ ይደውሉ። ዱባይ፣ ቤይሩት ወይም አሜሪካ ላለ ዘመድ ቅድሚያ ይስጡ፤ ሌባው በእርስዎ ስም «ሆስፒታል ነኝ፣ በዚህ ሒሳብ ቁጥር ብር ላኩልኝ» ብሎ ሊጽፍላቸው ይችላል። ብር የላከ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ለባንኩ ያሳውቅ፣ ለፖሊስም ያመልክት። በቴሌብር ከሆነ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ነው።

ዋትስአፕም ባለ 6 አሃዝ ኮድና የራሱ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አለው፤ እዚያም እንዲሁ ያድርጉ።

ከቤት ሳይወጡ የእናትዎንና የአባትዎንም ስልክ ይቀበሉና ይህንኑ ያስተካክሉላቸው። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ይምረጡ፣ በወረቀትም ጽፈው ከስልኩ አርቀው ያስቀምጡት።